ዝናብ ሳይዘንብ የሚያንጠባጥብ ጣራ፡- የቤት ውስጥ ጤዛንና ሻጋታን ስለመከላከል

እንደሚታወቀው በደጋው የአገራችን ክፍል ብዙ ገበሬዎች የሣር ክዳን ቤታቸውን በቆርቆሮ ለውጠዋል። ቆርቆሮ እንደ ሣር በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አያስፈልገውም፤ እሳት በቀላሉ አይዛመትበትም፤ የዝናብ ውሃ ለማጠራቀምም ይረዳል። ይህን ሁሉ ጥቅም ቢሰጥም ግን ከእርሱ ጋር አንድ ችግር አብሮ መጥቷል። የችግሩን መነሻ ያልተረዳ ሰው ገንዘቡንና ጉልበቱን በማያስፈልግ ሥራ ያባክናል፤ ይባስ ብሎም ለዓመት ቀለብና ለዘር ያስቀመጠውን እህል ያጣል። በዚህ ጽሑፍ ችግሩ ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደሚመጣና በአነስተኛ ወጪ እንዴት መከላከል እንደሚቻል እንገልጻለን።

በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ወር መጨረሻ ላይ ስለ ገብስ ዘር አያያዝ ለመነጋገር ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አንድ ገበሬ ቤት በማለዳ ሄድን። ሌሊቱን ውርጭ ስለወረደ ሜዳው ነጥቶ ነበር። ከግቢው ስንደርስ አባወራው መሰላል አስደግፈው ጣራው ላይ ሬንጅ ይቀባሉ።

«እንደምን አደሩ አባባ? ጣራው ምን ሆነ?» አልናቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እስቲ እዩልኝ ልጆቼ፤ ግንቦት ላይ ያለበስኩት አዲስ ቆርቆሮ ነው። ክረምቱን ይህን ያህል ሳያስቸግረኝ ከርሞ፣ አሁን በበጋው ያፈሳል። ምስማሩን ሁሉ ሁለት ጊዜ በሬንጅ ደፈንኩት፤ አልተወኝም» አሉን።

ወደ ቤት ገባን። ከቆርቆሮው ሥር ውሃው ጠብታ ጠብታ ሆኖ ተንጠልጥሏል፤ በየማገሩ እየተንጠባጠበም ወለሉን አርሶታል። ለዘር የተቀመጠው ገብስ በሦስት ማዳበሪያ ተሞልቶ መሬት ላይ ከድንጋዩ ግድግዳ ተጠግቶ ተደርድሯል። የላይኛውን ማዳበሪያ አፍ ፈትተን እጃችንን ስናስገባ እህሉ ሙቀት አለው፤ ተያይዞ ጓል ሆኗል፤ ሽታው የእርጥብ አፈር ሽታ ነው። ወደ ብርሃን አውጥተን ስናየውም ግራጫና አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል።

በዚህ ጊዜ እማወራዋ ከምድጃው አጠገብ ሆነው፣ «እኔስ ነግሬያቸው ነበር። ጣራው አያፈስም፤ ያልበዋል። እንደ ድስት ክዳን ነው» አሉን።

የእማወራዋ አነጋገር ትክክል ነበር። ውሃው ከሰማይ የመጣ ሳይሆን ቤቱ ራሱ ያወጣው ውሃ ነው። ይህንን አንድ ነገር የተረዳ ሰው የቀረውን ሁሉ በቀላሉ ይረዳል።

ውሃው ከየት ይመጣል?

አየር ሁልጊዜ በዓይን የማይታይ የውሃ ተን ይዞ ይገኛል። ሞቃት አየር ብዙ ተን ሊይዝ ይችላል፤ ቀዝቃዛ አየር ግን ጥቂት ብቻ ነው የሚይዘው። ለምሳሌ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ያለው አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ያህል ውሃ በተን መልክ ይይዛል። ይኸው አየር ወደ 10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ግን ሊይዝ የሚችለው 9 ግራም ያህል ብቻ ነው። የተረፈው ተን ባገኘው ቀዝቃዛ ነገር ላይ ወደ ውሃነት ይመለሳል። ማለዳ በሣር ላይ የምናየው ጤዛ በዚሁ መንገድ የሚፈጠር ነው። ድስት ሲፈላም ክዳኑ ሥር የሚንጠለጠለው ጠብታ ከዚህ የተለየ አይደለም።

በቤት ውስጥ ተን የሚያወጣው ነገር ብዙ ነው። አንድ ሰው ተኝቶ ሳለ በትንፋሹና በላቡ በሰዓት 40 ግራም ያህል ውሃ ያወጣል። ስለዚህ ስድስት ቤተሰብ በአንድ ሌሊት ወደ 2 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ወደ ቤቱ አየር ይጨምራል ማለት ነው። ላምና በሬ ደግሞ ከሰው ብዙ እጥፍ ያወጣሉ። ወጥና ንፍሮ ሲቀቀል፣ እንጀራ ሲጋገር፣ አረቄ ሲወጣ፣ እርጥብ ልብስ እቤት ውስጥ ሲሰጣ፣ ያልደረቀ ኩበትና እርጥብ እንጨት ሲነድ ሁሉ ተን ይወጣል። የላምባ መብራትም ቢሆን አይተናነስም፤ አንድ ሊትር ላምባ ነዶ ሲያልቅ ከአንድ ሊትር የማያንስ ውሃ በተን መልክ ይወጣዋል።

ሰማይ ጠርቶ ባደረበት ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ በጣም ይቀዘቅዛል፤ አንዳንድ ጊዜም በዙሪያው ካለው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ደመና ባለበት ሌሊት ግን ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ስለሚያገለግል ቅዝቃዜው ይቀንሳል። ጣራው ከክረምቱ ሌሊት ይልቅ በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጊዜ ይበልጥ የሚያልበው በዚህ ምክንያት ነው።

የሣር ክዳኑስ ለምን አላላበውም?

ብዙ ሰዎች «በአባቶቻችን ቤት ይህ አልነበረም» ይላሉ፤ አባባላቸውም እውነት ነው። የሣር ክዳን ወፍራም ስለሆነ የውስጠኛው ገጹ እንደ ቆርቆሮ አይቀዘቅዝም። ሣሩ ጥቂት እርጥበት ሌሊት ይመጣል፤ ቀን ደግሞ ፀሐይና ነፋስ ሲያገኘው መልሶ ይለቀዋል። ከዚህም በላይ ጭሱና ተኑ በሣሩ መካከል ቀስ እያለ ይወጣል።

ቆርቆሮ ግን ስስ ነው፤ ውሃ አይመጥም፤ ተንም አያሳልፍም። ቤቱን በቆርቆሮ የለወጠ ሰው ብዙውን ጊዜ ብርድ እንዳይገባ ብሎ በግድግዳውና በጣራው መካከል ያለውን ቀዳዳ ሁሉ በጭቃ ይደፍናል። ከዚህም የተነሣ የቤቱ አየር መውጫ ያጣል። ስለዚህ ጥፋቱ የቆርቆሮው አይደለም። የድሮው ቤት በራሱ ይሠራ የነበረውን ሥራ አሁን እኛ አስበን መሥራት ያለብን በመሆኑ ነው።

ጤዛ ነው ወይስ ፍሳሽ?

ሬንጅ ከመግዛት በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህም የሚከተሉትን ቀላል ፈተናዎች አድርጉ።

ሀ) ዝናብ ባልዘነበበት ማለዳ የቆርቆሮውን ሥር በእጃችሁ ዳስሱ። ጠብታው በጣራው ሁሉ ላይ ተበትኖ ከተገኘ ጤዛ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ብቻ፣ ያውም በአንድ ምስማር ወይም በአንድ መጋጠሚያ በኩል የሚወርድ ከሆነ ፍሳሽ ነው።

ለ) የጭቃ ወለል እርጥበት ከመሬት የሚያመጣ መሆኑን ለማወቅ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግታችሁ ዳር ዳሩን በድንጋይ ተጭናችሁ አሳድሩት። ጧት ስታነሡት የታችኛው ገጹ እርጥብ ከሆነ እርጥበቱ ከመሬት ይመጣል። የላይኛው ገጹ እርጥብ ከሆነ ግን ከቤቱ አየር የመጣ ጤዛ ነው።

ሐ) ግድግዳው ከታች ጀምሮ እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ የራሰ ከሆነ ውሃው ከመሬት የሚወጣ ወይም ከጣራው ጠርዝ ወርዶ የሚረጭ ነው። ሻጋታው በላይኛው ማዕዘን፣ ከአልጋና ከቁም ሣጥን ኋላ ከታየ ግን መነሻው የቤቱ አየር ነው።

ሻጋታ የሚያደርሰው ጉዳት

ሻጋታ በጣም ጥቃቅን በሆነ ዘር የሚራባ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ዘሩ በማንኛውም ቤት አየር ውስጥ ይገኛል። ነገር ግን እርጥበት ካላገኘ ሊያድግ አይችልም። ስለሆነም ሻጋታን መከላከል ማለት እርጥበትን መከላከል ማለት ነው።

ጉዳቱ በሦስት መንገድ ይታያል። አንደኛ፣ ንብረት ያበላሻል፤ የጣራው እንጨት ይበሰብሳል፣ ቆርቆሮው ከሥሩ ይዝጋል፣ ቁርበትና ልብስ ይሻግታል። ሁለተኛ፣ ጤና ይጎዳል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፣ እርጥብና የሻገተ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ለሳል፣ ለአስምና ለሌሎች የመተንፈሻ አካላት ሕመሞች ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አመልክቷል። ሕፃናትና አረጋውያን ከሁሉ በላይ ይጎዳሉ።

ሦስተኛውና ለገበሬ ቤተሰብ ከሁሉ የከፋው ጉዳት በእህል ላይ የሚደርሰው ነው። አንዳንድ የሻጋታ ዓይነቶች መርዝ ያመነጫሉ። ከእነዚህ መርዞች በጣም የታወቀው አፍላቶክሲን የሚባለው ሲሆን በተለይ በበቆሎና በለውዝ ላይ ይገኛል፤ በበርበሬም ላይ ሊገኝ ይችላል። በገብስና በስንዴ ላይ ደግሞ ሌሎች የሻጋታ መርዞች ሊፈጠሩ ይችላሉ። አፍላቶክሲን ጉበትን የሚጎዳ ሲሆን ለብዙ ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ሲበላ የጉበት ካንሰር ያመጣል።

ይህ ከሩቅ የሚነገር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በጎረቤታችን በኬንያ ምሥራቃዊ ክፍል 317 ሰዎች በአፍላቶክሲን ተመርዘው ታመሙ፤ ከእነዚህም ውስጥ 125ቱ ሞቱ። የተመረዙት በአብዛኛው የራሳቸውን በቆሎ የተመገቡ የገበሬ ቤተሰቦች ነበሩ። የአደጋው ምክንያት ሲመረመርም ከታመሙት ሰዎች ብዙዎቹ እርጥበት ያለውን በቆሎ በጎተራ ሳይሆን በመኖሪያ ቤታቸው ውስጥ አከማችተው እንደነበረ ታውቋል። እህሉን ከሌባ ለመጠበቅ ወይም ዝናቡን ለማሸሽ ብለው ወደ ቤት ያስገቡት ሰዎች ሳያውቁ ወደ ባሰ አደጋ አስገቡት ማለት ነው።

መከላከያ ዘዴዎች

ሥራው በአራት ይከፈላል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መሥራት ባይቻል እንኳ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙ ወጪ ስለማይጠይቁ ከእነርሱ መጀመር ይገባል።

1. ተኑን ከመነሻው መቀነስ

ሀ) የሚቻል ከሆነ ማድ ቤቱን ከመኖሪያ ቤቱ ለዩ። ካልተቻለም እንጀራ መጋገሩንና አረቄ ማውጣቱን ወደ ውጭ ዳስ አውጡ።
ለ) ድስትን ከድኖ መቀቀል ተንንም ማገዶንም ይቆጥባል።
ሐ) የታጠበ ልብስ፣ እርጥብ ኩበትና እርጥብ እንጨት ቤት ውስጥ አታድርቁ።
መ) ከብትና በግ ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር የሚያድሩ ከሆነ ቢያንስ እስከ ጣራው የሚደርስ ግድግዳ መካከል ላይ ሥሩ፤ ለእንስሳቱም የራሳቸውን አየር መውጫ አብጁላቸው።
ሠ) የውሃ እንስራና የጠላ ጋን ሁልጊዜ ከድኑ።

2. ተኑን ወደ ውጭ ማስወጣት

ሞቃትና ተን ያለው አየር ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ መውጫው መበጀት ያለበት ከላይ ነው። ጣራው ባለ ሁለት ክንፍ ከሆነ፣ በቤቱ ሁለት ጫፍ ከግድግዳው በላይ ባለው ሦስት ማዕዘን ላይ አንድ አንድ መስኮት ክፈቱ። ስፋቱ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ ያህል ቢሆን ይበቃል። ወፍና አይጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት፤ ዝናብ እንዳይረጭበትም ከላዩ ቁራጭ ቆርቆሮ እንደ ጥላ አድርጉለት። ጣራው በአራት በኩል ተዳፋት ከሆነ ደግሞ በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ አራት ጣት የሚያህል ክፍተት ተዉና በሽቦ ሸፍኑ።

ብዙ ሰዎች «ብርድ ይገባብናል» ብለው ይህን ሥራ ይፈራሉ። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ በደጋ የኅዳር ብርድ ቀልድ አይደለም። ነገር ግን ቀዳዳው ከሰው ራስ በላይ ስለሆነ ነፋሱ በተኙት ላይ አይነፍስም። በተጨማሪም እርጥብ ቤት ከደረቅ ቤት ይበልጥ እንደሚበርድና የራሰ ጋቢም እንደማያሞቅ መዘንጋት የለበትም።

ከዚህ ሌላ በየማለዳው ከእንቅልፍ ስትነሡ በሩንና መስኮቱን ለግማሽ ሰዓት ያህል ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ። የሌሊቱ ትንፋሽ ሲወጣ ደረቅ አየር ይገባል። የመኝታ ልብስና ቁርበትም በዚሁ ጊዜ ወደ ፀሐይ ይውጣ።

3. ሞቃቱን አየር ከቀዝቃዛው ቆርቆሮ መለየት

ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ሲሠራ ተኑ ቀዝቃዛውን ብረት በብዛት አያገኘውም። ኮርኒሱ ከቀርከሃ፣ ከሸምበቆ ወይም ከአቡጀዲ ሊሠራ ይችላል። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው ባዶ ቦታ ግን ከላይ በተጠቀሱት መስኮቶች አየር ማግኘት አለበት፤ አለዚያ ሻጋታው ከዓይን ተሰውሮ እዚያ ላይ ይራባል።

አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ቆርቆሮውን ከማልበሱ በፊት ወፍራም ላስቲክ ከሥሩ ቢዘረጋ ጠብታው በላስቲኩ ላይ እየተንሸራተተ ከግድግዳው ውጭ ይወርዳል። ላስቲኩ ወደ ጣራው ጠርዝ ተዳፋት መሆን አለበት፤ መካከሉ ላይ ከረገበ ውሃ ይቋጥራል። ምድጃ በሚነድበት ክፍል ግን ላስቲክም ሆነ አቡጀዲ ከእሳቱ በላይ ፈጽሞ መዘርጋት የለበትም።

4. የመሬቱንና የግድግዳውን እርጥበት መከላከል

ሀ) የቤቱ ወለል ከውጭው መሬት ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል።
ለ) በቤቱ ዙሪያ ውሃ የሚያስወጣ ቦይ ቆፍሩ፤ ቦዩም ከክረምት በፊት ይጠረግ።
ሐ) የጣራው ጠርዝ ከግድግዳው ውጭ አንድ ክንድ ያህል ይውጣ፤ ከተቻለም አሸንዳ ይደረግለት።
መ) አፈር፣ ፍግና ማገዶ ከግድግዳ ጋር አስጠግታችሁ አትከምሩ።
ሠ) አልጋና ሣጥን ከግድግዳ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ አየር ከኋላው ማለፍ አለበት።

እህልን በቤት ውስጥ ስለማስቀመጥ

ከሁሉ የሚሻለው እህልን በደረቅ ጎተራ ማስቀመጥ ነው። በመኖሪያ ቤት ማስቀመጥ ግድ ከሆነ ግን የሚከተሉትን አድርጉ። ጆንያው መሬት ላይ ሳይሆን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ። ከግድግዳም አንድ ክንድ ይራቅ። ጠብታ የሚወርድበትን ማገር አይታችሁ ጆንያውን ከሥሩ አንሡ። በየ15 ቀኑ እጅ እያስገባችሁ ሙቀቱንና ሽታውን ፈትሹ፤ እህል የሚሞቀው በውስጡ የማይታይ ጉዳት ሲጀምር ነው።

ከሁሉ በፊት ግን እህሉ ደርቆ መግባት አለበት። ገብስ፣ ስንዴና በቆሎ ለረጅም ጊዜ ለማስቀመጥ የውስጥ እርጥበታቸው ከ13 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። መለኪያ መሣሪያ ለሌለው ገበሬ በጨው የሚደረግ ፈተና ይረዳል።

ሀ) ንጹሕና ፍጹም ደረቅ የሆነ ክዳን ያለው ጠርሙስ አዘጋጁ።
ለ) ሁለት የሾርባ ማንኪያ ደቃቅ ጨው በምጣድ ላይ አድርቃችሁ አቀዝቅዙ።
ሐ) ጨውን ጠርሙሱ ውስጥ ጨምሩ፤ ከዚያም የጠርሙሱን ሢሶ ያህል እህል ጨምሩበት።
መ) ክዳኑን ገጥማችሁ ለ3 ደቂቃ በደንብ ነቅንቁና አስቀምጡት።
ሠ) ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለው፤ ስለዚህ ወደ ማከማቻ መግባት የለበትም።

ጨው ካልተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በታች ወርዷል ማለት ነው። ያም ሆኖ 13 በመቶ እንዲደርስ አንድ ሁለት ቀን ጨምሮ በፀሐይ ማስጣት ይበጃል። እህሉን በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሰሌን ወይም በሸራ ላይ አስጡ፤ ማታ ጤዛ ሳይወርድበት ሰብስቡት። አየር የማያስገቡ ባለ ብዙ ድርብ ከረጢቶች ነቀዝን ለመከላከል እጅግ ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን እርጥብ እህል ከገባባቸው ያበላሹታል እንጂ አያድኑትም።

ሻጋታ ሲገኝ ምን ይደረግ?

በግድግዳ ላይ ለታየ ጥቂት ሻጋታ አፍንጫንና አፍን በጨርቅ ሸፍኖ፣ መስኮት ከፍቶ በሳሙናና በውሃ ማጠብና ማድረቅ ነው። በሲሚንቶ ወይም በቀለም ግድግዳ ላይ በውሃ የቀጠነ በረኪና መጠቀም ይቻላል፤ በረኪናን ግን ከሌላ የማጽጃ ኬሚካል ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። በጭቃ ግድግዳ ላይ የሻገተው ልስን ተፍቆ ይነሣና ከደረቀ በኋላ እንደገና ተለስኖ ኖራ ይቀባ። በሻጋታ ላይ ቀለም ደርቦ መቀባት ችግሩን መሸፈን ብቻ ነው።

የሻገተ እህልን በተመለከተ አንድ ልማድ መቅረት አለበት። እርሱም «ለምግብ ባይሆን ለጠላ ወይም ለአረቄ ይሆናል፤ ባይሆን ለከብት» የሚለው ነው። የሻጋታ መርዝ በመቀቀልና በመጋገር አይጠፋም፤ መጥመቅም ዋስትና አይሆንም። መርዙን የበላች ላምም በወተቷ ወደ ሕፃናት ልታስተላልፈው ትችላለች። ዶሮዎችም ይጎዳሉ። ስለዚህ የሻገተ እህል ይቀበር እንጂ ለማንም አይሰጥ።

ብርቱ ማስጠንቀቂያ

ቤቱን ለማድረቅ ወይም ለማሞቅ ብሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ሕይወት ያጠፋል። ከከሰል የሚወጣው ሽታና ቀለም የሌለው መርዛም አየር ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። እሳት ባለበት ቤት የአየር መውጫና መግቢያ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን።

ከዚያ በኋላ የሆነው

ከላይ ወደጠቀስናቸው ቤተሰብ እንመለስ። ያን ዕለት ማለዳ ከሦስቱ ማዳበሪያ ገብስ መቶ መቶ ፍሬ ቆጥረን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን ለእማወራዋ ሰጠናቸው፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ እየረጩ ሰባት ቀን እንዲጠብቁም ነገርናቸው። ይህ ፈተና ለማንኛውም ገበሬ የሚመከር ነው። ከ100 ፍሬ 85ና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ ጥሩ ነው። ከታች የነበሩት ሁለቱ ማዳበሪያዎች ፈተናውን አለፉ። ከላይ ከነበረው፣ ጠብታ ሲወርድበት ከነበረው ግን ግማሹም አልበቀለም።

እርሱን መቅበር ለቤተሰቡ ቀላል ነገር አልነበረም። አባወራው የጉድጓዱን አፈር እየመለሱ፣ «ይህ ገብስ ክረምቱን አለፈ፣ በረዶውን አለፈ፤ ቤቴ ገብቶ ሞተ» አሉን። የጎደለውን ዘርም ከጎረቤት በብድር ለመውሰድ ተገደዱ።

በጥር ወር ተመልሰን ስንሄድ በቤቱ ሁለት ጫፍ መስኮት ተከፍቶ በሽቦ ተሸፍኗል። በጎቹ በጎን ወደ ተቀጠለ ጋጣ ወጥተዋል። የተረፉት ማዳበሪያዎች በርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ርቀው ተቀምጠዋል። ጣራው አሁንም በጣም በሚበርድ ሌሊት ያልበው እንደሆነ ጠየቅናቸው። እማወራዋ፣ «ጥቂት ያልበዋል፤ ግን ፀሐይ ስትወጣ ይደርቃል፤ ወለሉም አይርስም» ብለው መለሱልን። ለእነዚህ ሥራዎች ሁሉ ከገበያ የተገዛው የወንፊት ሽቦና ጥቂት ምስማር ብቻ ነበር። ሁለት ጊዜ ለሬንጅ የወጣው ገንዘብ ከዚህ ይበልጣል።

ማጠቃለያ

በበጋ ሌሊት ከቆርቆሮ ሥር የሚንጠባጠበው ውሃ የቤቱ ትንፋሽ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ቀዳዳ መድፈን ሳይሆን ትክክለኛውን ቀዳዳ በትክክለኛው ቦታ መክፈት ነው። ተኑን መቀነስ፣ ከላይ ማስወጣት፣ ከቀዝቃዛው ብረት መለየት፣ የመሬቱን ውሃ ማራቅና እህሉን ደረቅ አድርጎ ከፍ ባለ ቦታ ማስቀመጥ አምስቱ ዋና ሥራዎች ናቸው። እነዚህን ሥራዎች ከመስከረም መጨረሻ በፊት፣ ውርጭ ሳይወርድና አዲሱ እህል ወደ ቤት ሳይገባ መፈጸም ይገባል። ተጨማሪ ማብራሪያ የሚፈልግ ገበሬ በቀበሌው የሚገኘውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይጠይቅ።